ከቀሚስ ሥር ያለው ጥልፍ

አመለወርቅ ማንኛውም ልብስ እጇ ሲገባ መጀመሪያ ትገለብጠው ነበር። ፊቱን አታይም። ክሩ የታሰረበትን፣ ጨርቁ የተቀጠለበትን፣ ሰፊው ከሰው ዓይን የሸሸገውን ሁሉ በጣቷ ዳስሳ ስትጨርስ ብቻ «እሺ፣ አሁን ፊቱን እንየው» ትላለች። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቷ ነበርኩ፤ ስንት ቀሚሴን እንዲህ ስትመረምረው እያየሁ አፍሬአለሁ።

ጅጅጋ የመጣችው ባሏ ዘነበ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ሲመጣ ተከትላው ነው። በማሃሙድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ለቢሮ ሠራተኞችና ለአስተማሪዎች የውስጥ ቀሚስ፣ ለሶማሌ ሴቶች ደግሞ ከስስ ቀሚሳቸው ሥር የሚለብሱትን ጎገራድ። እንጀራዋ ይህ ነው። ልቧ ግን ያለው በድሮው ሱሪ ላይ ነበር።

አንኮበር ያሳደገቻት አክስቷ የወይዛዝርት ልብስ ሰፊ ነበረች። ያን ጊዜ ትልልቅ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ልክክ የሚል ሱሪ ይለብሱ ነበር። የእግሩ ጫፍ በሐር ክር የተጠለፈ ነው። ጥልፉ የሚታየው ወይዘሮዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ፣ ቀሚሷ ከፍ ሲል፣ ለአንድ ጥቅሻ ያህል ነው። «ለዚያች ጥቅሻ አክስቴ ክረምቱን ሙሉ ትጠልፍ ነበር» ትለኛለች፣ በኩራት።

ባቢሌ ገበያ ስትወርድም የሐረር ሴቶች ለብሰው የተዉትን አሮጌ ጥልፍ ሱሪ ፈልጋ ትገዛለች። ስፌቱን እየፈታች ትማርበታለች። «ይቺ በግራ እጇ ነው የጠለፈችው» ትላለች። «እዚህ ጋ ደክሟታል፤ ልጅ አዝላ ይሆናል።» ስማቸውን የማታውቃቸውን፣ ምናልባትም አፈር የበሉ ሴቶችን እንደ ጓደኞቿ ታነሣቸው ነበር።

ማሃሙድ ይስቅባታል። «እትዬ አመለወርቅ፣ ይህን ሁሉ ጌጥ ከውስጥ ማድረግ እኮ ዕቃዬን ከሱቁ ጀርባ ደርድሬ በሩን እንደ መዝጋት ነው!»

ከአብዮቱ በኋላ አንዲት የሴቶች ማኅበር ሹም በበረንዳው ስታልፍ ጥልፉን አይታ «የመሳፍንት ሱሪ እስካሁን አልሞተም?» ብላ ብታሾፍባት፣ አመለወርቅ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «መሳፍንቱስ ሄዱ፤ የሰፋችው ግን አክስቴ ናት። ባዶ እግሯን ነበረች» አለቻት።

በአክስቷ ቤት ወግ የሠርግ ሱሪ ሲሰፋ የግራውን እግር እናት፣ የቀኙን ሙሽራይቱ ራሷ ትጠልፋለች። እሌኒ የአመለወርቅና የዘነበ አንድ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር፤ ባል ገና የለም፤ ሱሪው ግን ተጀመረ። እናት የግራውን እንደ ዕንቁ አድርጋ ጨረሰች። እሌኒ የቀኙን ስትጠልፍ ቀይ ክር አለቀባትና በአረንጓዴ ቀጠለች። ደግሞ ክሩን ስታከርረው ጨርቁ ተጨማደደ።

«ፍቺው» አለች እናት።

«ኧረ እማዬ! ማን ያየዋል?»

«ባልሽ ያየዋላ።»

«ጥልፍ ሲመረምር የሚውል ከሆነማ አላገባውም።»

ማሃሙድ ከባንኮኒው ጀርባ ሲስቅ ይሰማል።

«እግዜር ያየዋል» አለች እናት፣ ኮስተር ለማለት እየሞከረች።

«እግዜርማ ክር እንዳለቀብኝም አይቷል።»

አመለወርቅ ሳቋን መያዝ አቃታት። «በይ፣ ለሠርግሽ ትፈቺዋለሽ።»

«ለሠርጌ» አለች እሌኒ።

በ1970 ዓ.ም. መስከረም ገና ሲጠባ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ከተማችን ደረሰ። ካራማራን ተሻግሮ ወደ ሐረር ለመሸሽ ሰው በጭነት መኪኖች ላይ ተረባረበ። «ሰው ብቻ! ዕቃ አይጫንም!» ይላሉ ወታደሮቹ። አመለወርቅ የስፌት መኪናዋን፣ ሣጥኗን፣ ከባቢሌ የለቀመችውን አሮጌ ጥልፍ ሁሉ ጥላ ወጣች። እሌኒ ግን ሱሪውን ከቀሚሷ ሥር ለብሳው ኖሮ፣ መኪናው አጠገብ የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ ለእናቷ አሳየቻት። ለአንድ ጥቅሻ ያህል። ከዚያ አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ስትቸገር አይታ ቦታዋን ለቀቀችላት።

«በሚቀጥለው እመጣለሁ፤ ባቢሌ እንገናኝ!»

የሚቀጥለው መኪና ባቢሌ አልደረሰም። ከተሳፋሪዎቹ ጥቂቶቹ በማግስቱ በእግራቸው ደረሱ። መንገድ ላይ ተተኩሶባቸው ተበታትነዋል። አንዱ እሌኒን ስትሮጥ አይቻታለሁ አለ። ሌላው ሐረር ሆስፒታል ናት አለ፤ አልነበረችም። ሦስተኛው ተማርካ ወደ ምሥራቅ ተወስዳለች አለ። አመለወርቅ የያዘችው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ከተማዋ ስትለቀቅ ተመለስን። ቤቷ ተዘርፎ አራት ግድግዳ ቀርቷል። ማሃሙድ ሱቁን እንደገና ሲከፍት ከአንድ ቦታ አሮጌ የስፌት መኪና ፈልጎ በረንዳው ላይ አስቀመጠላትና «ሥራ ከሐሳብ ይሻላል፣ እትዬ» አላት። እግዚአብሔር ይስጠው። ጎገራድና የውስጥ ቀሚስ መስፋቷን ቀጠለች። ጥልፍ ግን አልነካችም።

ዓመታት አለፉ። ዘነበ ልጁ እንደሞተች በልቡ ተቀብሎ ተዝካሯን ማውጣት ፈለገ። «ነፍሷን ያለ ጸሎት አናስቀራት፣ አመለ» ይላታል። እርሷ ደግሞ «ለቆመ ሰው ተዝካር አይወጣም። ሳላይ አላለቅስም» ትላለች። በዚህ የተነሳ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ እያዘነ አንዷ እየጠበቀች፣ አንድ ገበታ ቀርበው ኖሩ። ሁለቱንም ስለምወዳቸው ለማን እንደምጸልይ ይጠፋኝ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ምርኮኛ ሊለዋወጡ ነው ተባለ። አመለወርቅ ያን ቀን ነጭ ጨርቅና የሐር ክር ገዛች። እንደ ድሮው ያለ ሱሪ ቆርጣ ሰፋችና የግራውን እግር ጠልፋ ጨረሰች። የቀኙን ባዶውን ተወችው።

«ልጅቷ አሁን ሠላሳ ልትሞላ ነው እኮ» አልኳት።

«ጥልፍ አይረሳም» አለችኝ።

ምርኮኞቹ ሲመለሱ ዘነበ ሄዶ ጠየቀ። ያወቃት የለም። አመለወርቅ ሱሪውን አላጠፈችውም፤ መኪናዋ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅላው ቀጣዩን ወሬ መጠበቅ ጀመረች።

በዚያው ወራት ከሐርጌሳ በኩል በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ ወደኛ አገር ጎረፈ። ሐርትሼክ ላይ ትልቅ መጠለያ ቆመ፤ ስደተኞቹ ጅጅጋ ገበያም ይመጡ ጀመር። ከእነሱ አንዷ ኤብላ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። ከአንዱ ልብስ ሰፊ ወደ ሌላው እየሄደች ከጉያዋ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ታሳያለች። ወንዶቹ ሰፊዎች እየሳቁ «የድሮ ሱሪ? እሱ የማሃሙድ በረንዳ ላይ ነው» ብለው ላኳት። ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ ደረስኩ።

ኤብላ በሶማሌኛ ትናገራለች፣ ማሃሙድ ይተረጉማል። «ይህን የሰፋውን ሰው እፈልጋለሁ ትላለች።»

አመለወርቅ ጨርቁን ተቀብላ እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ከላይ ቀይ ክር፣ ከዚያ አረንጓዴ። የተጨማደደ ጨርቅ። አውራ ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

«አልፈታችውም» አለች።

ማሃሙድ መተርጎሙን ተወ። ያን ጥልፍ እሱም ያውቀዋል።

ኤብላ ነገሩ ገባት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ማሃሙድ እንደገና እየተረጎመ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቦቿ ከካራማራ ግርጌ ከግመሎቻቸው ጋር ነበሩ። ጠዋት አንዲት የቆሰለች ልጅ ግራር ሥር አገኙ። ቋንቋዋን አያውቁም። ልጅቷ የምትደጋግመው «እማዬ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልተረጎመላቸውም፣ አላስፈለጋቸውምም።

«ውሃ ሰጣችኋት?» አለች አመለወርቅ።

«ወተት ሰጠናት።»

«ጠጣች?»

«ትንሽ ጠጣች። ፀሐይ ከፍ ስትል አረፈች።»

ኤብላና አማቷ አጠቧት። ሲያጥቧት ሱሪውን አዩት። አማቷ «ከውስጥ እንዲህ የተሰፋላት ልጅ የሚፈልጋት አላት። ቁረጪና ያዢው፤ የሰፋው ሰው ያውቀዋል» አለቻት። የግራው እግር በደም ርሶ ነበርና የቀኙን ቆረጡ። ኤብላ ያንን ቁራጭ ይዛ ወደ ሐርጌሳ ተሰደደች፤ ያንኑ ይዛ ተመልሳ ተሰደደች። በየሄደችበት መርፌ የያዘ ሰው ስታይ ትጠይቅ ነበር።

«ያጠብናት በእኛ ሥርዓት ነው፤ ሌላ አናውቅም። ይቅር በይን፣ አባዮ» አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው።

አመለወርቅ ተነሥታ የኤብላን ሁለት እጆች ያዘችና ሳመቻቸው። ከዚያ ነው የጮኸችው። ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀሰችው ልቅሶ በረንዳውን ሞላው። ዘነበ ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ ጨርቁን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

ቄስ ገብረክርስቶስ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱላት፤ ተዝካሯም ወጣ። አመለወርቅ ኤብላን ከሐርትሼክ አስጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አንዲት ለቀስተኛ «ከእነሱ አንዷን ደግሞ ምን አመጣት?» ብላ ብታንሾካሹክ አመለወርቅ ሰማች።

«አንቺ ልጄን አጥበሻታል?» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከተዝካሩ በኋላ ዘነበ አፅሟን አውጥቶ ቤተ ክርስቲያን ለማሳረፍ አስቦ ነበር። ኤብላ ቦታውን አሳየቻቸው። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮ፣ እሾህ ተከልሎ፣ ከብት እንዳይረግጠው ተጠብቋል። አመለወርቅ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ዞረቻቸው። «ይቆይ፣ ዘነበ» አለችው። «በደንብ ተሰፍቷል።»

ከዚያ በኋላ ጤና አልነበራትም። በበረንዳው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችውን አይቻለሁ። ከምስማሩ ያን ሱሪ አውርዳ ባዶው ቀኝ እግር ላይ የእሌኒን ቁራጭ ሰፋችበት። አንዲት ክር አልፈታችም። ጭምድዱን እንኳ በካውያ አላቃናችውም።

በ1983 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል አረፈች። ከተማው ሁሉ እንደገና ሲታመስ ከማየት እግዚአብሔር አዳናት እላለሁ። ያን ሱሪ ለብሳ እንድትገነዝ አደራ ብላኝ ነበር። ስናጥባት ኤብላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ሃይማኖቷ ሌላ ስለሆነ ለመግባት ፈርታ። ዘነበ «ግቢ፣ ልጄ። አንቺማ የቤቱ ሰው ነሽ» አላት። ገባችና ውሃ አፈሰሰችልን።

ሱሪውን ስናለብሳት ግራው እግር እንደ ዕንቁ፣ ቀኙ እንደ ተጨማደደ ነው። ኤብላ ጎንበስ ብላ ጭምድዱን በአውራ ጣቷ ልታቃናው ሞከረች። አልቃና አላት። ተወችውና ነጩን ከፈን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።