ኦርኪዱና አንበሴ

ውሻ ማለት አራት እግር፣ አንድ ጅራትና ቢያንስ አንድ ጠበቃ ያለው የቤት እንስሳ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ አስተምር በነበርኩበት ጊዜ የግቢያችን ውሻ የአንበሴ ጠበቃ አከራዬ ጋሽ ተክሌ ነበሩ። በጎቻቸውን ከጅብ የሚጠብቅላቸው እሱ ስለነበር አልፈርድባቸውም።

አንድ ቀን እህቴ ከአዲስ አበባ ኦርኪድ የሚባል የቤት አበባ ላከችልኝ። አንበሴ ገብቶ ሲያሸተው ጋሽ ተክሌ ደረሱ።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ውሻ አይገድልም?»

«አይገድልም፤ መርዝ የለውም።»

«በምን አወቅህ?»

«አንብቤ።»

«ማንበብማ ደብተራውም ያነባል፤ ሰው ግን ይሞታል። አንበሴ ቢሞት በጎቼን አንተ ልትጠብቅ ነው?»

ዘመኑ ሁሉ ነገር በግምገማ የሚፈታበት ነበርና ጎረቤት ተሰበሰበ። ውሳኔው አጭር ነበር። ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይቀምሳል፤ አበባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወይ ልቅመስ፣ ወይ ቤቱን ልልቀቅ።

በመሐል ሜዳ ብርድ ሌላ ቤት ከመፈለግ አበባ መብላት ይሻላል ብዬ አንዱን ቆርጬ አኘክሁ። ጥሬ ጎመን ጥሬ ጎመን ይላል። ጎረቤቶቼ እስኪመሽ ተቀምጠው «ከንፈሩ አልገረጣም?» እየተባባሉ ፊቴን ሲያጠኑ ዋሉ። አንበሴም አብሯቸው ተቀምጦ ያየኛል።

ባለመሞቴ አበባው እንዲቆይ ተፈቀደ። ጋሽ ተክሌ አንድ አበባ ቀጥፈው «እንካ፣ መምህሩ ቀምሶልሃል» አሉት። አንበሴ አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ አበባ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ።