በላስቲክ የተጠቀለለው ብራና

ስልኩ የተደወለልኝ በታኅሣሥ ነበር። አጎቴ ከዳባት በላይ ባለች የገጠር ደብር ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። እህሉ ገና አውድማ ላይ እያለ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ ጣሪያው አፍስሷል።

«የትልቁ መጽሐፍ ጫፉ ረጥቧል። እንደ ድሮው ገልጠን ጥላ ላይ እናናፍሰው?» አሉኝ።

እኔ ጎንደር ከተማ ብራናዎችን በካሜራ እያነሳ ኮምፒውተር ላይ በሚያስቀምጥ ክፍል እሠራለሁ። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ ነበርና ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም።

«አይንኩት አያ፤ ሌላ ዝናብ ቢመጣስ? በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሉትና ያስቀምጡት። በሳምንት ውስጥ መጥቼ ፎቶ አነሳዋለሁ።»

«ሸጋ፤ አንተ ካልህ።»

ለምን እንደተጨነቁ አውቃለሁ። በመጽሐፉ መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ የየዘመኑ ገበዞች የደብሩን ሙታን ስም ጽፈውበታል። ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። የእናቴም ስም እዚያ አለ፤ እኅታቸው ናትና በእጃቸው የጻፏት እሳቸው ናቸው።

ሳምንቱ አለፈ። የከተማውን አድባራት አስቀደምኩ፤ አስፋልት አለ፣ መብራት አለ፣ ምሳዬን ቤቴ ገብቼ እበላለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ቀሐ ወንዝ ወርጄ የበዓሉን ፎቶ ሳነሳ ሰነበትኩ። ከዚያ በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ምክንያት ሆነኝ። የደረስኩት በግንቦት ነው።

አጎቴ ጥቅሉን አውጥተው ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀመጡት። የማዳበሪያ ላስቲክ ነው፤ በሲባጎ ደጋግመው አስረውታል፣ ልክ እንዳልኳቸው። ስንፈታው ውስጡ አልቦታል። ሽታው አፍንጫዬን አስያዘኝ። ብራናው ሻግቶ፣ ቅጠል ከቅጠል ተጣብቆ እንደ ሳንቃ አንድ ሆኗል። ከፊት ሦስት ቅጠል ገልጬ ፎቶ አነሳሁ። አራተኛውን ስስብ ፊደሉ ተላጠ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ገልብጬ ከጀርባ ሞከርኩ። የሙታኑ ቅጠሎች ጨርሶ አልላቀቅ አሉ።

«ካሜራህ በላዩ አሳልፎ አያይም?» አሉኝ አጎቴ።

«አያይም አያ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ሻጋታውን ቀስ እያሉ ይጠርጉ ጀመር። ተዉት ማለት አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ምነው በላስቲክ ታፈነ? ማነው የመከረው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔው ነኝ። ማንንም አልጠየቅሁም» አሉ አጎቴ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለሽማግሌዎቹ አስረከቡ። ወደ እኔ ዞር አላሉም። እኔ ካሜራዬን አንግቤ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። ልናገር ልናገር ስል ጉባኤው ተበተነ።

ጎንደር ተመልሼ የሦስቱን ቅጠል ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩ። የሚሞላ ቅጽ አለ፤ «የጉዳቱ ምክንያት» ይላል። «ያለ ወቅቱ የዘነበ ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አነበበው። «ምን ይደረጋል፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አለና ፈረመበት። ከሥሩ እኔ ፈረምኩ።