በባዶ ሆድ ወደ ፍልውሃ

ያን ጊዜ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ጭቃ ቤት እንኖር ነበር። ባለቤቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውን ተከትዬ ከጎጃም መጥቼ አራዳ ከገባሁ አራት ዓመት ቢሆነኝም፣ በከተማው ከእሳቸው በቀር የኔ የምለው ሰው አልነበረኝም። በዚያ ክረምት እግራቸው ያብጥ ጀመር። ጣቴን ጫን ባደርግበት ጎድጉዶ ይቀራል። መስከረም ሲጠባ ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ዳገት ሦስቴ ሳያርፉ መውጣት አቃታቸው። በኅዳር ደግሞ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ግድግዳ ተደግፈው መተኛት ያዙ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ዘግየት ባለ ቁጥር፣ ይህ ሰው ዘመድ በሌለበት አገር ቢሞትብኝ ምን እሆናለሁ እላለሁ።

በምዕራብ በኩል፣ በካሚዮን የግማሽ ቀን መንገድ፣ ወንዝ ዳር የሚፈላ ውሃ መኖሩን የነገሩን ጎረቤቶች ናቸው። አስከፋይ የለው፣ በረኛ የለው፤ የመጣ ሁሉ ይገባበታል። ለመሄድ ስንነሣ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ።

«በሽተኛ ነው፤ ፈትቼለታለሁ» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት እህል ይቅመስ። ንገሪው ልጄ።»

አልነገርኋቸውም። በአገሬ ጠበል የሚጠመቅ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚገባ፤ ፍልውሃውም በኔ ቤት ጠበል ነው። የአባን ቃል ርኅራኄ አድርጌ ቆጠርሁት። ከተጠመቁ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ በሆዴ ያዝሁት።

እህል ሊጭን ባዶውን በሚሄድ ካሚዮን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሾፌሩ የአራዳ ልጅ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። ገና ረፋዱ ላይ ካሚዮኑ አንድ ዳገት ሥር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ከምንጭ ውሃ እየቀዳ ሲያጠጣው፣

«አዩ እመቤቴ፣ ይቺ እንኳ ካላጠጡኝ አልሄድም አለች» አለኝ። «እርስዎ ግን ጌታውን በባዶ ሆዳቸው ዳገት ያስወጧቸዋል።»

ባለቤቴ ሳቁ። ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ። 

እዚያ የደረስነው በቀትር ነው። ይህን አልወደድሁትም። እኛ ዘንድ በቀትር ወንዝ የሚወርድ የለም፤ ሰው የሚለከፈው ያን ሰዓት ነው። ትንሽ ጥላው ይዙር ብል፣ ሾፌሩ «ጭነቴን ይዤ ሳይመሽ ኬላ ካላለፍሁ አልሆነም፤ ወይ አሁን ነው ወይ በሌላ ሳምንት» አለ። ሌላ ሳምንት መኖሩን አላወቅሁምና ወረድን።

ውሃው ከወንዙ ጥቂት ክንድ ከፍ ብሎ ከድንጋይ መካከል ይፈላል፤ ዲን ዲን ይሸታል። በዳሩ እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ሞተዋል። ወፍ እንኳ የለም። በቁጥቋጦው ላይ ያረጀ ልብስ ተሰቅሏል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሦስት አራት ልብስ ታጥፎ ተቀምጦ ጠጠር ተጭኖበታል። ጎጆዋ እዚያው የሆነ አንዲት አሮጊት ኦሮሞ ነበረች። ልብሱ የማን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የተሰቀለው የዳኑት ነው። አሮጌውን ትተው ይሄዳሉ» አለችኝ።

«የታጠፈውስ?»

«እነዚያ ከውሃው አልወጡም።» ከዚያ ባለቤቴን አየች። «ሰውዬው በልቷል?»

«ጾም ነው እማማ።»

«ይህ ውሃ ጾም አያውቅም። ባዶ ሆድ ሲያገኝ ልብ ይጥላል። ማር ይላስ። ከዚያም እግሩን ብቻ ያግባ።»

«አዴ፣ ተያቸው» አላት ሾፌሩ አሮጊቷን። «የጎጃም ሰው ጠግቦ ከሚድን ተርቦ ቢሞት ይመርጣል።»

ከጎጆዋ ጀርባ ባለው ዋርካ ግንድ ላይ ቅቤ ተቀብቶ አይቼ ነበር። ምክሯንም ከዚያው ከቅቤው ጋር ቆጠርሁት። ባለቤቴ ግን ወደኔ ዞሩ።

«አባ ምን አሉ? ጠይቀሻቸው የለም ወይ?»

«ጾም ነው እንግዲህ» አልሁ። ከአፌ ውሸት አልወጣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሾፌሩ ደግፎ እስከ ደረታቸው አስገባቸውና ወደ ካሚዮኑ ተመለሰ። እኔ ፊቴን አዙሬ ከቁጥቋጦው ማዶ ተቀመጥሁ፤ ወንዶች በሚታጠቡበት መመልከት ነውር ነው። ውዳሴ ማርያም ጀመርሁ።

«ሙቀቱ አጥንቴ ገባ» አሉ ከወዲያ። ቆይተውም፣ «እንጃ፣ እግሬ ቀለለኝ መሰለኝ» አሉ። ድምፃቸው የደስታ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። ውሃው ብቻ ይንፈቀፈቃል። ከጸሎቱ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ አቋርጬ አላውቅምና ፈጸምሁት።

ስዞር አገጫቸው ውሃው ላይ ነበር፤ ዓይናቸው ተከፍቶ ምንም አያይም። ጮኽሁ። ሾፌሩ ከነጫማው ዘሎ ገባና ጎትቶ አወጣቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አሮጊቷ አንገታቸውን በክንዷ ይዛ በጣቷ ማር ምላሳቸው ላይ ቀባች፤ ደግማ ደጋግማ፣ እኔን ቀና ብላ ሳታይ። ትንፋሻቸው ሲመለስ የሰው አይመስልም ነበር።

ሾፌሩ እህሉን ጭኖ ስንመለስ በጆንያዎቹ ላይ አስተኝቼ ራሳቸውን ታቀፍሁ። ኬላው እስክንደርስ ሾፌሩ አንዲት ቀልድ አልቀለደም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አባ ሊጠይቁን መጡ። ጠበል ረጭተው በርጩማው ላይ ተቀመጡና፣

«በል ልጄ፣ የፈታሁልህን እየበላህ ነው? ነግራሃለች?» አሉ።

ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ወደኔ አዩ። የሞትሁ መሰለኝ።

«ነግራኛለች አባ» አሉ። «እየበላሁ ነው።»

አባ ባርከው ወጡ። በባለቤቴ እግር ሥር ወደቅሁ። ተነሽ አላሉኝም፤ አልሰደቡኝም። «የሚበላ ነገር አለ?» አሉኝ። ዳቦ ቆርሼ በሰፌድ አቀረብሁ። እጃቸውን አልዘረጉም።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው።»

ባዕድ ቤት የገባ ሰው አስተናጋጁን ቅመስልኝ ይላል፤ የሚፈራ ሰው ነው ይህን የሚል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ እኔ ደግሞ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጎረስሁ። እስክውጥ ድረስ ተመለከቱኝና በሉ።

ጥር ውስጥ ዐረፉ። እስከዚያ ድረስ በየማለዳው ቀድሜ እየቀመስሁ አበላኋቸው።