በከዚራ ፀሐይ የደረቀ የላባ ብርድ ልብስ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ልብስ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ አያስብም። ጠዋት የታጠበ አንሶላ ከረፋዱ በፊት ይታጠፋል። ልጄም ያደገችው በዚህ ፀሐይ ነው።

አሁን ሥራዋ ባሌ ተራራ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ድንኳን ውስጥ ታድራለች። በጆግ ያስቀመጡት ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል ትለኛለች። የምትለብሰው በዳክዬ ላባ የተሞላ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲያነሱት ምንም አይከብድም። ለእረፍት ስትመጣ ጭስ ጭስ ይል ስለነበር፣ በመሄጃዋ ዋዜማ ሳፋ ውስጥ በዱቄት ሳሙና አሽታ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን ሽቦ ላይ ሰቀለችው።

እኩለ ቀን ላይ ጨርቁ ይንኮሻኮሽ ነበር። ደርቋል ብላ አወረደችው። እኔ ሳጥፈው ግን ውስጡ ጓል ጓል ብሎ እጄን ቀዘቀዘኝ። ወደ ብርሃን ብይዘው ላባው እዚህም እዚያም ተቋጥሯል፤ በመሃሉ የቀረው ባዶ ጨርቅ ነው። ነገርኳት። ሳቀችና ከብርጭቆዋ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታው እየተንከባለለ ወረደ።

«አየሽ እማዬ፣ ውሃ አያስገባም።»

«የገባውንስ ያስወጣል?» አልኳት።

የድሬ ፀሐይ ያላደረቀውን ማን ሊያደርቀው ነው ብላ ከረጢቱ ውስጥ ጠቅጥቃ አሰረችው።

በማግስቱ የሥራ መኪናዋን ስትጠብቅ ከረጢቱን አነሳሁት። ከብዷል። የረጠበ ዶሮ ይሸታል። ጋቢዬን አመጣሁላት፤ ተሸክሜው ተራራ የምወጣው እኔ ነኝ ብላ ወንበር ላይ ትታው ሄደች።

ስልክ ከሚሠራበት የመጨረሻ ከተማ ደወለች። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከድምፅዋ በላይ ይሰማኛል። እኛ ዘንድ ሙቀቱ አንሶላ እንኳ አያስለብስም። የረጠበ ላባ አያሞቅም፤ ከረጢቱን ፍቺው፣ እሳት ያለበት ቤት ዘርጊው፣ ሌላ የምትለብሺው ሳታገኚ አትውጪ አልኳት።

«ፈትቼ አይቼዋለሁ» አለች። «አንቺ ካየሽው ብሷል፣ እማዬ። ግን መኪናው ሊነሳ ነው፣ እየጠሩኝ ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ስልኩ አልገባልኝም። ከዚያ ወዲህም አልገባልኝም። ጋቢው እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ አላነሳሁትም።