በዳኛው ዱላ

የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ሰፊዋ» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቤቷ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ወደ መንገድ በሚያይ ክፍል ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ለወፈረ ሱሪ ማስፋት፣ ለከሳ ኮት ማጥበብ፤ የመጣላትን ሁሉ ትሠራ ነበር። ሜትር ሳትይዝ የሰው ወገብ ስንት እንደሆነ በዓይኗ ብቻ ትናገራለች፤ ብዙም አትስትም።

ባሏ ዳኛ ነበር። ችሎት ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የተፈረደበት ሰው እንኳ አመስግኖት ይወጣል ይባልለት ነበር። እቤት ሲገባ ግን የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚሉት ዓይነት ነው። ጨው በዛ፣ ሸሚዜ ተጨማደደ፣ በሩን ማን ከፈተው? «ክፉ ሆኖ አይደለም» ትላለች እሷ፤ «ፍርድ መስጠት ለምዶበት ነው።»

ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ላንሳው ብሎ ጎንበስ ሲል እሱም ተከትሎት ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ግራ እጁና ግራ እግሩ ከድተውት ነበር። አንደበቱን ግን ምንም አልነካውም። ሊጠይቁት የሚመጡ ጎረቤቶች «ለዳኛ ምላሱ ከቀረለት ምን ጎደለው!» እያሉ ያስቁታል። እሱም ይስቃል። እነሱ ሲወጡ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

መኝታ ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን መውጣት ስላልቻለ አልጋው ወደ ስፌት ክፍሏ ወረደ፤ የስፌት መኪናዋ ደግሞ ሁለት ሰው ወደማያሳልፈው ጨለማ መተላለፊያ ወጣች። ለጥቂት ጊዜ በአምፖል ልሥራ ብላ ሞክራ ነበር። ገና ክሩን በመርፌው ሳታሳልፍ ይጠራታል። ትራሴን አስተካክዪልኝ። ውሃ። ያ የሚንኳኳው ምንድነው? ደንበኞቿም አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ፤ ሰው በሽተኛ ተኝቶ እያየ ቀሚስ ለመለካት ያፍራል። ቀኗ በመድኃኒት ሰዓት ተከፋፈለ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። በመሀሉ ያለውም የእሷ አልነበረም። ገበያ ሄዳ የምትመለሰው በሩጫ ነው፤ በሩን ስትከፍት ልቧ ይመታል።

አንድ ቀን ሐኪሙ «ንፋስ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደሚወዱት ቦታ ይውሰዷቸው» አላት።

የሚወደው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከሐይቁ በላይ ባለው አፋፍ ላይ፣ ማንም ቲኬት ቆርጦ የሚጫወትበት የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። ዳኛው ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜውን እዚያ ይውል ነበር። እሷ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። የምታውቀው ሱሪው ጉልበት ላይ ይዞት የሚመጣውን የሣር እድፍ ነው፤ በሎሚ አሽታ ታስለቅቀዋለች። ቅዳሜ ጓደኞቹ እንዳያዩት ስለፈለገ፣ ሜዳው ባዶ በሚሆንበት ሐሙስ ሄዱ።

ባለ አራት ጎማ ትንሽ የባትሪ መኪና ተከራዩ። እሱን ደግፋ አስቀመጠችው፣ የጎልፍ ዱላዎቹን ቦርሳ ከኋላ አሰረች፣ እየፈራች ነዳች። ከመጀመሪያው መምቻ ቦታ ሲደርሱ ከታች ሐይቁ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። ሣሩ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ ከጥዶቹ ሥር ወደ ውሃው ይወርዳል። ወይ ጉድ፣ ሃያ ዓመት ይህን ሲያይ እኔ እድፍ ሳጥብ! አለች በልቧ።

ዳኛው ወደ ዱላዎቹ ቦርሳ አመለከተ። «ሰባት ቁጥሩን ዱላ አውጪ» አላት።

«ምን ላደርግበት?»

«ምቺልኝ።»

የሚቀልድ መስሏት አየችው። ደህና በሆነው ቀኝ እጁ አያያዙን አሳያት። በመጀመሪያው ምት ሣር ገነጠለች። በሁለተኛው አየር መታች። በሦስተኛው ኳሷ ቋ ብላ ተነሥታ፣ ከጥዶቹ በላይ ሄዳ ሄዳ፣ ከሩቅ ሜዳው ላይ አረፈች። ዳኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷም እንደዚያው።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ኳስ የሚገባባቸውን አሥራ ስምንቱን ቀዳዳ ይዞራሉ። የትኛው ዱላ እንደሚወጣ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል በኃይል እንደሚመታ የሚወስነው እሱ ነው። እሷ ትመታለች። የስፌት እጅ ነውና ቶሎ ለመደች፤ ትከሻዋ ጠነከረ፣ ፀሐይ ፊቷን አጠቆረው። አንዳንዴ እሱ ከሚለው የተሻለ መንገድ ይታያታል። አንድ ቀን ደፍራ «በግራ በኩል ብናደርገውስ?» አለችው።

«ችሎት ላይ ነን እንዴ ክርክር የምትከፍቺው? ስምንት ቁጥር፣ ወደ ቀኝ።»

ወደ ቀኝ መታች።

ውጤት መመዝገቢያው ካርድ ላይ የሚጻፈውም የእሱ ስም ነበር። ማታ ለድሮ ባልደረቦቹ ይደውልና፣ እሷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች፣ «ዛሬ በዘጠና አራት ምት ጨረስኩ!» ሲል ትሰማዋለች። በጎልፍ ጥቂት ምት የመታ ነው የሚያሸንፈው፤ ዘጠና አራት ደግሞ በደህና ዘመኑ እንኳ እምብዛም ያልደረሰበት ነው። ጨረስኩ! የእሷ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ሳሙናው እያቃጠለው እሱ ጨረሰ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኑን ታጥባለች። ምን ትበለው? ከዚያች ስልክ ሌላ ደስታ የለውም።

መድኃኒቱን የምትገዛበት ፋርማሲ ባለቤት ራሷም ጎልፍ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን መድኃኒቱን በወረቀት ከረጢት እያደረገች፣ «እኔ የምልሽ፣ አንቺ በስንት ነው የምትጨርሺው?» አለቻት።

«እኔ? እኔ አልጫወትም።»

«ታዲያ ባለፈው ሐሙስ አሸዋ ውስጥ የገባችውን ኳስ መትታ ቀዳዳው አፍ ላይ ያስቀመጠችው ማን ነበረች?»

«እሱ ነው የሚጫወተው። እኔ እመታለታለሁ እንጂ።»

ፋርማሲስቷን አላሳቃትም። የፊታችን እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሴቶች ጨዋታ እንዳለና ከእነሱ ቡድን አንድ ሰው እንደጎደለ ነገረቻት። «እምቢ ካልሽኝ ጽፌሻለሁ፣ እሺ ካልሽኝም ጽፌሻለሁ» ብላ ከረጢቱን ሰጠቻት።

አራት ቀን ሙሉ ነገሩን አፍና ያዘችው። አርብ ማታ፣ ሾርባ እያጎረሰችው፣ ማንኪያውን ሳታቆም ተናገረች።

«ማን ያነሳኛል?» አለ።

«እህትህ ትመጣለች። ጠይቄያታለሁ።»

«ጠይቀሻታል? ከእኔ በፊት?» ማንኪያውን በእጁ ገፋው። «በማን ዱላ ልትጫወቺ ነው?»

«በአንተ ዱላ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ ሳይዘጋ የኖረ ሰው ዝም ሲል ቤቱ ይጠብባል። አንድ ነገር እንዲላት፣ ጨው በዛ እንኳ እንዲላት ናፈቀች።

እሁድ ጠዋት ጫማዋን አስራ ቁርሱን ልትሰጠው ስትገባ፣ «ደረቴን ወጋኝ» አላት።

የደም ግፊቱን ለካች፤ ደህና ነው። ትኩሳቱን ለካች፤ ደህና ነው። ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ አንድ ከሩብ ነበር። ውሸቱን ነው ብላ ብትሄድና እውነት ቢሆንስ? እውነቱን ነው ብላ ብትቀርና ውሸት ሆኖ ብታገኘውስ? በየትም ብትዞር መውጫ አልነበራትም። የጫማዋን ክር ልትፈታ ጎንበስ ባለችበት የባሏ ታላቅ እህት ከበሩ ደረሰች። ወገቧን እየደገፈች የምትሄድ አሮጊት ናት፤ ዳኛው በዓለም ላይ የሚፈራው ሰው ቢኖር እሷ ናት።

«ገና እዚህ ነሽ እንዴ?»

«ደረቴን ወጋኝ ይላል።»

«ትምህርት ቤት እያለም ፈተና ሲደርስ ሆዴን ይል ነበር። ተነሺ ሂጂ።»

«እኔ እዚህ እየሞትኩ...» ሊል ጀመረ።

«ዝም በል አንተ! እኔ ታላቅህ ሳልሞት ማን አስቀደመህ?» ወደ እሷ ዞር አለችና ድምፅዋን አለዘበች። «የባሰበት እንደሆነ እደውላለሁ እቴ። ስልክሽን ያዢ።»

ቦርሳውን ተሸክማ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሆና ሁለት ጊዜ ሹፌሩን መልሰኝ ልትለው አሰበች።

የቲኬት መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሌሎቹ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ቲኬት ቆራጯ ብዕሯን አንስታ «በማን ስም?» አለቻት፤ ከአፏ ሊወጣ የደረሰው የባሏ ስም ነበር። የራሷን ስም ስትናገር ሌላ ሰው የተናገረ መሰላት።

ከመጀመሪያው መምቻ ቦታ ላይ ቆማ ቦርሳውን ከፈተች። አሥራ አራት ዱላ። ጣቷን አንድ በአንድ አሳለፈችባቸው።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሰባት ነው ስምንት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ነሽ የምትመቺው።»

ሰባቱን አወጣች፤ መልሳ ከተተች፤ ስምንቱን አወጣች። ኳሱ ከእግሯ ሥር ተንከባሎ ቀረ። እስከ አምስተኛው ቀዳዳ ድረስ እንዲሁ ሆነ። እቤት ትታው የመጣችው ሰው ጆሮዋ ሥር ቆሞ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ አይደለም እኮ ይላታል። በየምቱ መሀል ኪሷን ትዳብሳለች፤ ስልኩ ዝም ብሏል። ይህን ያህል ጭንቅ ተሸክሜ ከመጣሁ ለምን ወጣሁ? ብላ ራሷን ጠየቀች።

ስድስተኛው ላይ ሐይቁ ሜዳውን ሰንጥቆ ይገባል። ቀዳዳው ከውሃው ማዶ ነው። ዳኛው ሁልጊዜ የሚያዘው በዘጠኝ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዳሩን ይዞ መዞር ነው፤ አንድ ምት ያስጨምራል፣ ኳስ ግን አያጠፋም። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ማዶውን በዓይኗ ስትለካው ኖራለች፤ የሰው ወገብ እንደምትለካው። ቁጥሩ ያነሰ ዱላ አርቆ ይመታልና፣ በአምስት ቁጥር ቀጥ ብሎ እንደሚያልፍ ታውቃለች። ዘጠኙን ይዛ ቆመች። ቀጥሎ መልሳ ከተተችውና አምስቱን አወጣች።

ኳሱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሌላ አስቀመጠች። እሱም ገባ።

«ዙሪ ይሻልሻል» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«አልዞርም» አለች ሰፊዋ። ሦስተኛው ኳስ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ላይ ጥላውን አስከትሎ ሄዶ፣ ማዶ ሣሩ ላይ ዱብ አለ። ፋርማሲስቷ «አለፈ! አለፈ!» እያለች ዘለለች። ሰፊዋ ሳቅ አፈናት፤ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት በተመላለሰችበት ሜዳ ሣር ላይ ስትቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ በኋላ የተጫወተችውን በደንብ አታስታውሰውም። የምታስታውሰው አሥራ ሦስተኛው ላይ ድንገት ኪሷን ስትዳብስ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እሱ እንዳላሰበች ማወቋን ነው። ደነገጠች። ስልኩን አውጥታ አየች፤ ማንም አልደወለም። በመቶ አሥራ አንድ ምት ከቡድኑ መጨረሻ ወጣች።

እቤት ስትገባ እህቱ ወገቧን ይዛ ወንበር ላይ ተኮራምታለች። «ሽንት ቤት ላስቀምጠው ብዬ ተቆረጥኩ» አለች። «ደጋግሜ የምችለው ነገር አይደለም እቴ፣ አልዋሽሽም።»

ዳኛው ነቅቶ ነበር። ሸሚዟ ላይ የተጣበቀውን ሣር አየ።

«ስንት?»

«መቶ አሥራ አንድ።»

«ስድስተኛው ላይ ምን ሆንሽ?»

«ሁለት ኳስ ውሃ ከተትኩ።»

«በቀጥታ ሞከርሽ?» ከትራሱ ቀና ሊል ፈለገ፤ ደግፋ አቀናችው። «እኔ በሃያ ዓመት አንድም ቀን አልሞከርኩትም» አለ። «ውሃው ያስፈራኝ ነበር።» ወዲያው ደግሞ «የሰባት ሰዓቱ መድኃኒት አልፏል» አላት።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። የአሮጊቷ ወገብ በሚፈቅድበት ወር አንድ እሁድ ትወጣለች፤ በማይፈቅድበት ወር አትወጣም። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም እሱ ያዛል፣ እሷ ትመታለች። ባለፈው ዓመት የሴቶቹ ቡድን ሌላ ከተማ ሄዶ ሁለት ቀን ሊጫወት ሲነሳ ፋርማሲስቷ ጠየቀቻት። ዳኛው ሲሰማ «ሂጂ» አለ፤ አነጋገሩም የእውነቱን ነበር። ሁለት ሌሊት የሚያገላብጠው ሰው ግን ከየት ይምጣ? የሚቀጠር ሰው ፈለጉ፤ አንዱ መጥቶ ገና በመጀመሪያው ቀን ዳኛው ተቆጥቶት ጥሎ ሄደ። ሴቶቹ በሄዱበት ጠዋት፣ ሰፊዋ የባሏን ጀርባ እያጠበች ነበር። ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ተነጫነጨባት። ጨመር አድርጋ የሞቀ አፈሰሰችበትና፣ ዛሬ ከሐይቁ ማዶ ነፋስ ይኖር ይሆን? ብላ አሰበች።