ሰደፍ ጠራቢው አያ ሰውአገኝ

ሚኒባሷ ገና ከኮላ ድባ መናኸሪያ ሳትወጣ፣ ከሶሊያና አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

«የተማርሽ ትመስያለሽ። እስቲ አንብቢልኝ፤ ቤት ውስጥ ላስነብበው አልወደድሁም።»

ሶሊያና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ አቶ ሰውአገኝ ሐሙስ ጠዋት በሚጀመረው የጦር መሣሪያ ምዝገባ ላይ በባለሙያነት እንዲገኙ።

«የምን ባለሙያ ነዎት፣ አያ ሰውአገኝ?»

«ሰደፍ ጠራቢ ነኝ። ደንቢያ ውስጥ የጠመንጃ ሰደፍ የተሰበረበት ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ፤ በወይራ እተካለታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

«በሉ ከእንግዲህ ጠመንጃ የደበቀ ወዮለት!» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳፋሪው ሳቀ። አያ ሰውአገኝ አልሳቁም።

በሰማንያ ሦስትም፣ ደርግ ወድቆ አዲሶቹ ሲገቡ፣ እንዲሁ ተጠርተው ነበር። ማሳ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ ጠመንጃ አምጥተው «ይህን የመሰለ ሰደፍ ማን ሠራው?» አሏቸው። ሥራቸው መደነቁ ደስ አሰኛቸው።

«‹የኔ እጅ ነው እንጂ! ለሚስቴ ወንድም ለበላቸው የሠራሁት› አልሁ። የወይራዋን ጉጥ ሳይቀር አሳየኋቸው። በላቸውን በሳምንቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሚስቴ ይኸው እስከ ዛሬ ስሙን እኔ ፊት አትጠራም።»

ሶሊያና እጇ ላይ የቀረውን ወረቀት ደግማ አየችው። «ሕዝቡ ምዝገባውን እንዲያምነው የአካባቢው ባለሙያዎች ይሳተፉ» የሚለው፣ እሳቸውን ያስጠራው ምክር ከእሷ ጥናት የተወሰደ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጸጥታ እንዴት እንደሚጸና ሁለት ዓመት ለፍታ የጻፈችው። ያን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ሸጋ ሐሳብ መስሏት ነበር።

«አሁን እኮ ሌላ ጊዜ ነው። ሕግ አለ» አለች።

«ምነው፣ ያኔስ መች ሕግ የለም አሉኝ? ‹መመዝገብ ብቻ ነው› ነበር ያሉኝ።»

አዘዞ ላይ ለፍተሻ ወረዱ። ታጣቂው መታወቂያ ሲያይ አያ ሰውአገኝ ዓይናቸውን ከትከሻው ጠመንጃ አሽሽተው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ጣቶቻቸው ግን ጋቢያቸውን ይዳስሳሉ።

ተመልሰው ሲሳፈሩ «ታዲያ አሁን ወዴት ነዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ሆስፒታል። ዓይኑ አያይም የሚል ወረቀት እንዲጽፉልኝ።»

ምክሩ የእሷ መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። መውረጃዋ ደርሶ ረዳቱ ቀደማት፦ «ማራኪ ወራጅ!»

ወርዳ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ያዘች። ሻካራ ነበር፤ ቶሎ አልለቀቋትም።

«ለዓይኔስ ወረቀት አላጣለትም» አሏት። «ሐሙስ ጠመንጃውን እጄ ላይ ሲያኖሩት፣ ጣቴ ሲያውቀው ግን ፊቴን ምን አደርገዋለሁ፣ ልጄ?»