ምስክር የተባለው ብረት

መጀመሪያ ካልሲው ረጠበ። ባለቤቴ ማቴዎስ «ላምባ ፈስሶብኝ ነው» አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ባለችው ስፓዛ በምትባል ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ላምባ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። ይህ የመግል ሽታ ነበር።

ማቴዎስ ወታደር ሳለ የፈንጂ ፍንጣሪ ቅልጥሙ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከሠራዊቱ የወጣው በሐኪሞች ቦርድ ሳይታይ ነው። ለዓመታት «እግሬን ሰጥቼ አንድ ሰው እንኳ ተጎዳህ አላለኝም» ይል ነበር። በመጨረሻ የጉዳት ጡረታ ጠየቀ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ቦርድ ፊት እንዲቀርብም ተነገረው። ሻንጣውን እንዳዘጋጀን ኮሮና መጣና በረራ ተዘጋ። ያኔ አንድ የድሮ ጓዱ በስልክ «ብረቱን እንዳታስወጣ፤ ምስክርህ እሱ ነው» ብሎ መከረው። የኔም ጀግና ሰማው። በሌላ ነገር ምክር የማይሰማ ሰው!

ቁስሉ ከተከፈተ በኋላም ክሊኒክ አልሄድም አለ። እግሩን በጨርቅ አስሮ፣ አፉን በማስክ ሸፍኖ ዳቦ ይሸጣል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጸለይኩለት። አንድ ጠዋት የሱቁን ፍርግርግ ይዞ ተንቀጠቀጠ። ሰውነቱ ያቃጥላል። ንግግሩ ተምታታ። እኔን በጓዶቹ ስም ጠራኝ። ፈራሁ።

ጎጎ ኖምሳ ዳቦ ሊገዙ መጥተው አዩት። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ልጃቸውን ጠርተው ባኪው ላይ፣ ማለትም ፒክአፕ መኪናው ላይ፣ አስጫኑትና «አንቺ ሂጂ፤ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አስቆሙኝ። ጠያቂ ክልክል ነው። እሱን ብቻ አስገቡት። ብዙ ቆይተው ሐኪሟ ራሳቸው ወጡ። ኦስቲዮማየላይቲስ ነው አሉኝ፤ የአጥንት ኢንፌክሽን። ወደ ደሙ ገብቷል። «ብረቱ ዛሬ ካልወጣ እግሩን ልንቆርጥ እንችላለን። ከዚያም ከዘገየ ሕይወቱን አናተርፍም።» ማቴዎስ ግን ጉሉኮስና አንቲባዮቲክ ሲያገኝ ነቅቶ፣ ለኦፕራሲዮኑ አልፈርምም ብሏል።

ምክንያቱን ነገርኳቸው። ሐኪሟ አልሳቁበትም። ራጁን አስመጥተው ወደ ብርሃን አነሡልኝ። «ብረቱ ቢወጣም አጥንቱ የተሰበረበት ቦታ አይጠፋም። ይህን አይቶ አልተጎዳም የሚል ሐኪም የለም። እኔም እጽፍለታለሁ። ይህን ንገሪው።»

በስልክ ነገርኩት። «ብረቱን ግን ይስጡኝ» አለ። ፈረመ።

እግሩ ተረፈ። አንቲባዮቲኩን መጀመሪያ በደም ሥሩ፣ ኋላም በክኒን ለብዙ ሳምንታት ወሰደ፤ በክራንች ከአልጋው እስከ ሱቁ ባንኮኒ መራመድ ሲጀምር ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ርቀቱን እንደጠበቀ አጨበጨበለት። ጎጎ ኖምሳ በበኩላቸው ሱቁን እንደ ገዛ ጓዳቸው አደራጅተውት ስለነበር፣ እኔ ስኳር ስፈልግ እስከ ዛሬ እጄ ላይ የሚመጣው ሳሙና ነው።

በረራው ሲከፈት ማቴዎስ የባቄላ ፍሬ የምታክለውን ብረት በመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። የቦርዱ ሐኪም ራጆቹን አዩ፣ ደብዳቤውን አነበቡ፣ ሱሪውን አስጠቅልለው ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ብዙ ተጎድተሃል ወንድሜ» አሉት። ጡረታውም ቆይቶ ተፈቀደለት፤ እሱ ግን በስልክ ያለቀሰው ያን ቃል በሰማበት ዕለት ነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

«ብረቱንስ አሳየሃቸው?» አልኩት።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

ሐኪሟንና ጎጎ ኖምሳን እግዚአብሔር ይባርክልኝ፤ ባሌን የመለሱልኝ እነሱ ናቸው። ሰውነትህ ውስጥ ብረት ይዘህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ቁስልህ ከመገለ ለማንም ብለህ አታቆየው። ራጅ ተነሣ፣ ከሐኪምህ ደብዳቤ ተቀበል፣ ብረቱን አስወጣ። ቦርዱ ፊት የሚቀርበው አንተ ነህ፤ ለዚያ ደግሞ በሕይወት መኖር አለብህ።